ለአባላት፦ ስለ ስቴፋን ኩዊንቴት ምልከታ

ውድ አባላት፣

በመጪው ጨረቃ አልባ ሌሊት የምንፈልገው በፔጋሰስ የኮከብ ስብስብ ውስጥ ያለውን የስቴፋን ኩዊንቴት፣ ማለትም ተጠጋግተው የሚታዩ አምስት ጋላክሲዎችን ነው። መነሻችሁ ደማቁ ጋላክሲ ኤንጂሲ 7331 ይሁን፤ ከእሱ ግማሽ ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ፣ ትንሽም ወደ ምዕራብ ውረዱ።

በ40 ሴንቲ ሜትር ቴሌስኮፕ 60 እጥፍ አጉልታችሁ ብታዩት የሚገኘው የተጠፈጠፈ ጭጋግ ብቻ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይተወዋል፤ ያሳዝናል። 200 እጥፍ አድርሱት፦ የሰማዩ ዳራ ይጠቁራል፣ ጋላክሲዎቹም ዓይን ሊይዛቸው የሚችል ስፋት ያገኛሉ። አየሩ ከረጋ 300ም ሞክሩ። ከአምስቱ ሁለቱን የያዘው ኤንጂሲ 7318 መጀመሪያ አንድ ሞላላ ጭጋግ ይመስላል፤ ታግሣችሁ ስትቆዩ ግን መሐሉ ላይ ሁለት እምብርት ብቅ ይላል። ሌላውን የቡድኑን አባል፣ ትንሹን ኤንጂሲ 7317፣ አጠገቡ ካለው ኮከብ ጋር እንዳታምታቱት።

በቀጥታ አትፍጠጡ። ጋላክሲው ወደ አፍንጫችሁ በኩል እንዲውል አድርጋችሁ ጎኑን ተመልከቱ፤ በጆሮ በኩል ከዋለ የዓይናችን ዕውር ነጥብ (ብርሃን የማይሰማው የዓይን ክፍል) ሊውጠው ይችላል። ቱቦውን በጣት መታ መታ ማድረግም ይረዳል፣ ዓይን የሚንቀሳቀስ ነገር ቶሎ ይለያልና።

የኔቡላ ማጣሪያ (የጋዝ ደመናን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ መስታወት) አትግጠሙ። የጋላክሲ ብርሃን በአብዛኛው የከዋክብት ድምር ስለሆነ ማጣሪያው እሱኑ ይቆርጠዋል። ከምልከታው በፊት 30 ደቂቃ ጨለማ ውስጥ ቆዩ፣ ስልካችሁንም አጥፉ፤ አንድ ጊዜ የስክሪን ብርሃን ካያችሁ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል።