ሁለቱንም ቪዲዮ አይተህ ንገረኝ

ወዳጄ፣ እንዴት ከረምክ? ይህን ሁሉ ጊዜ ድምፄን ስላጠፋሁ ይቅርታ፤ ሌላውን ስንገናኝ እናወራዋለን። ዛሬ የጻፍኩልህ ናፍቆት ብቻ ገፋፍቶኝ አይደለም። ጨንቆኛል፣ ያንተ ዓይን ያስፈልገኛል።

ጌማችን ሊያልቅ ነው። አዎ፣ ያ "መቼም አታወጡትም" እያልክ የምታበሽቀኝ ጌም! አሁን ግን ለሰው በምናሳይበት ትሬይለር (የማስተዋወቂያ ቪዲዮ) ላይ ለሁለት ተከፍለናል። ግማሾቹ እንደ ፊልም የተቀናበረ ይሁን ይላሉ። እኔ ደግሞ ተጫዋቹ በእጁ የሚያገኘውን እናሳይ ባይ ነኝ። ከታች በትንንሽ ፊደል "በጌሙ ኢንጂን የተሠራ" ብንልስ አሉኝ። እሱም አላሳመነኝም። ኢንጂኑ፣ ማለትም ጌሙን የሚያስኬደው ሶፍትዌር፣ አንድ ቢሆንም ካሜራውን የሚያዞረው ተጫዋቹ አይደለማ፤ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ለቪዲዮው ተብሎ የተሰናዳ ነው።

ሰሞኑን ያ የኪልዞን 2 ክርክራችን ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። በ2005 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልህ) ኢ3 በሚባለው ትልቅ የጌም ትርኢት ላይ የታየው ቀድሞ የተቀናበረ ቪዲዮ እንጂ ፕሌይስቴሽን 3 ላይ የሚሄድ ጌም አልነበረም። ጌሙ በ2009 ሲወጣ በእውነት ያምር ነበር፣ ግን ስንቱ ሰው ከዚያ ቪዲዮ ጋር ሲያወዳድረው ከረመ። ዎች ዶግስም በ2012 ታይቶ በ2014 ሲወጣ ያ ድምቀቱ ቀንሶ ነበር። ሠሪዎቹ ስንት ዓመት ለፍተው ሥራቸው በራሱ ሳይሆን በማስታወቂያው ሲለካ ያንገበግበኛል። በእኛም ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

የጊዜው ነገርም አለ። ቤተስዳ ፎልአውት 4ን ሰኔ 2015 አስተዋውቆ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ አወጣው። ያው ኩባንያ ኤልደር ስክሮልስ 6ን በ2018 ከመልክዓ ምድርና ከስም በቀር ምንም ሳያሳይ አስተዋወቀና ሰውን ለዓመታት አስጠበቀ። እኔ ያልቆረጠልንን ቀን ለማንም መንገር አልፈልግም። ሃይ ፋይ ረሽ በጥር 2023 በታየበት ቀን ነው የወጣው፤ እንዴት ደስ ይል ነበር! ግን እነሱ ኤክስቦክስ መድረኩን ሰጥቷቸዋል፣ እኛን ማን ያውቀናል?

እዚህ ላይ ነው የምዋልለው። ኢ3 እንደሆነ በ2023 ለዘለቄታው ቀርቷል፤ ኔንቴንዶ ከ2011 ጀምሮ በዳይሬክት፣ ሶኒ ከ2019 ጀምሮ በስቴት ኦፍ ፕሌይ በተባሉ የራሳቸው የኢንተርኔት ቪዲዮዎች በቀጥታ ለተመልካቹ ያቀርባሉ። እንደኛ ያለው ትንሽ ቡድን ግን ሰው በጣቱ ገፍቶ ከማለፉ በፊት ባሉት ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ዓይን መያዝ አለበት። እና ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርህ... የኛ ጌም ሲያዩት ጸጥ ያለ ነው። ጣዕሙ የሚመጣው ሲጫወቱት ነው። እንዳለ ብናሳየው ማንም ዞር ብሎ ባያየውስ ብዬ እፈራለሁ። ለዚህ ነው ስቲም የተባለው የጌም መሸጫ በሚያዘጋጀው ኔክስት ፌስት ላይ ዴሞ (የጌሙን አጭር መሞከሪያ) እናውጣ፣ ሰው ራሱ ይሞክረው እያልኩ የምሟገተው።

ሁለቱንም ቪዲዮ ልኬልሃለሁ። የትኛው የእኔ እንደሆነ አልነግርህም፣ ታውቀዋለህ። የቱን አይተህ መጫወት እንዳማረህ ጻፍልኝ፣ ደግሞ እኔን ለማስደሰት ብለህ እንዳትሸነግለኝ። ለእህትህም አሳያት፤ ጌም የማትወድ ሰው ምን እንደምትል መስማት እፈልጋለሁ። ዓርብ ስለምንወስን ከዚያ በፊት ይድረሰኝ።