ለደንበኞቻችን፦ በር ላይ ስለለጠፍነው ወረቀት

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት የጋራዡ በር ላይ አንድ ወረቀት ለጥፌ ነበር። «ሞላ አንቆርጥም። ማርሚታ አንቆርጥም። ለቦሎ ቀን ብቻ ፈተን አንገጥምም» ይላል። ሞላ መኪናው ዝቅ እንዲል የሚቆረጠው ከጎማው በላይ ያለው ስፕሪንግ ነው፣ ማርሚታ የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ፣ ቦሎ ደግሞ ዓመታዊ ምርመራ ያለፈ መኪና ላይ የሚለጠፈው ወረቀት። ያነበበው ሁሉ ተቆጣ። ደውሎ የሰደበኝም አለ። አንድ የቆየ ደንበኛችን ደግሞ ሻዩን ሳይጨርስ ተነስቶ ሄደ። ስድቡስ ይለመዳል፣ እሱ የተወው ሻይ ግን እስካሁን ይከነክነኛል።

ሳላማክራችሁ በመለጠፌ ይቅርታ አድርጉልኝ። ያን ቀን ተናድጄ ነበር። ውሳኔው ግን የንዴት አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ እኛ የነካካናቸው አምስት መኪኖች ትራፊክ አስቁሟቸው ታርጋቸው ተፈታ። ባለቤቶቹ ወረቀት ተሰጣቸው። የፊት ሞላ ተቆርጧል፣ የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ የለውም፣ መብራቱ ዓይን ይወጋል፣ ጎማው ከፓራፋንጎ (ከጎማ መሸፈኛው) ወጥቷል፤ አስተካክለህ፣ አስመርምረህ፣ ታርጋህን ውሰድ። አምስቱም ቀጥታ ወደኛ መጡ። የሁሉም ንግግር አንድ ነበር። «አቦ፣ ለአንድ ቀን ኦሪጅናሉን ግጠምልኝ። ታርጋዬን ላውጣና እንመልሰዋለን።»

አልዋሽም፣ ይህን ድሮ ስንሠራው ኖረናል። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መኪና በየዓመቱ ይመረመራል፣ ቦሎ የሚለጠፈውም ከዚያ በኋላ ነው። ቦሎ ሲደርስ ጠዋት ፈተን እንገጥማለን፣ ከሰዓት መልሰን እንፈታለን። ሁለት ጊዜ የእጅ ዋጋ ይገኝበታል። ጥሩ ገቢ ነበር። ያቆምኩት ገንዘብ ጠልቼ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ።

ምርመራው የአንድ ጠዋት ጉዳይ ነው። መኪናው ግን በነጋታው ከሐረር ወደ ድሬዳዋ የሚያመጣውን የደንገጎ ቁልቁለት ይወርዳል። ሐረር 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ድሬ 1,200 ገደማ ላይ። ያን ሁሉ ቁልቁለት በጥምዝምዝ መንገድ ነው የምንወርደው። የሞላ ጫፍ ተቀምጦበት በሚያርፈው ወንበር ልክ የተሠራ ነው። በመጋዝ የተቆረጠ ጫፍ ወንበሩን አይዝም። ጎማው ጉድጓድ ገብቶ ሲንጠለጠል ሞላው ከቦታው ሊንሸራተት ይችላል። ንዝረቱን የሚያበርደው ሾክም እንቅስቃሴው ስላጠረበት በየጉድጓዱ ታች እየመታ ያልቃል። መታጠፊያ ላይ፣ ከፊት ለፊት የአወዳይ ጫት የጫነ መኪና እየበረረ ሲመጣ፣ ይህ እንዲሆንባችሁ አልፈልግም። ሹፌሩ እንደሆነ ለማንም አይቆምም፣ ታውቁታላችሁ።

መብራቱም እንደዚያው ነው። የፋናው (የፊት መብራቱ) ውስጥ መስታወት የተሠራው ለተራው አምፖል ክር ነው። ክሩ ያለበትን ቦታ አውቆ ብርሃኑን ወደ መንገዱ ይወረውራል። እዚያ ውስጥ ኤልኢዲ ስትከቱበት ብርሃኑ ከሌላ ቦታ ይነሳና ይበተናል። ለእናንተ የደመቀ ይመስላል። ከፊት የሚመጣው ሰው ግን ለጥቂት ሰከንድ ምንም አያይም። እኔ ራሴ አንድ ማታ ከሐረር ስመለስ እንዲህ ዓይኔን ያጠፋኝ መኪና ገጠመኝ። ቆሜ አሳለፍኩት። ሲያልፍ አወቅኩት። አምፖሉን የገጠምንለት እኛ ነበርን።

የመስኮት መስታወት ማጥቆሪያ ላስቲክን በተመለከተ ግን ልቤ ከእናንተ ጋር ነው። ላስቲክ ይነሳ የሚል ሰው ግንቦት ላይ በስድስት ሰዓት ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር፣ መኪና ውስጥ ተቀምጦ አያውቅም። ቢሆንም ትራፊክ በሰጣችሁ ወረቀት ላይ ከተጻፈ እናነሳዋለን።

«ቆርጠህ ገንዘብ የተቀበልክ አንተ፣ ዛሬ ቅዱስ ሆንክ?» ላላችሁኝ፣ አዎ፣ የቆረጥነው እኛ ነን። ስለዚህ እዚህ የተሠራውን ለመመለስ እስከ ጥምቀት ድረስ የእጅ ዋጋ አንጠይቅም። የዕቃውን ግን አልችልም። በዚህም ተቀይማችኋል። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ 100 አለፈ። ሞላው ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ኪራዩ ጨምሯል፣ ልጆቹም ደመወዝ ይጠብቃሉ። ያገለገለ ኦሪጅናል ፈልጌ በገዛሁበት ዋጋ እሰጣችኋለሁ። ደረሰኙን እዩት።

አባቴ ሙያውን የተማረው ምድር ባቡር ወርክሾፕ ነው። በኋላ በዚህች ጋራዥ የሐረርን ፔጆ 404 ታክሲዎች ሲጠግን ኖረ። ያረጀ ፔጆ ሲመጣለት ከሞተሩ በፊት ፍሬኑን ነበር የሚያየው። ባለታክሲው «ሞተሩ ነው የታመመው» እያለ ይጮህበታል፣ እሱ መልስ አይሰጥም። እኔ ከእሱ ያልወረስኩት ዝምታውን ነው መሰለኝ።

በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከተማውን ሲመታ መሣሪያችን በሙሉ ጭቃ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ስንቱ ሰው ቤተሰቡን ባጣበት ሳምንት ስለ ቁልፍና ክሪክ ማውራት ያሳፍራል። ግን አካፋ ይዛችሁ የመጣችሁትን አልረሳሁም። ከእናንተ ውስጥ ዛሬ ወረቀቱን አይታችሁ ፊታችሁን ያዞራችሁብኝ አላችሁ። ለእናንተ ስል ወረቀቱን ብቀድደው ደስ ባለኝ። ግን ልጆቻችሁ ናቸው እኮ አሁን ሞላው የተቆረጠውን ቪትዝ የሚነዱት።

ከትራፊክ ወረቀት የተሰጣችሁ ካላችሁ ወረቀቱን ራሱን ይዛችሁ ኑ፣ በቃል አትንገሩን። በቃል ሲነገር ሁልጊዜ አንድ ነገር ይቀራል፣ ከዚያ ምርመራ ላይ ትመለሳላችሁ። አንድ በአንድ እያየን እንሠራለን፣ የሠራነውንም ጽፈን እንሰጣችኋለን። ሞተር ወይም ቀለም የቀየራችሁ ከሆነ ሊብሬያችሁም (የመኪናው ባለቤትነት ደብተር) ያንኑ ማለት አለበት። እሱ በመፍቻ አይስተካከልም፣ ቢሮ መሄድ ነው። ከትራፊኩ ጋር መጨቃጨቅ ደግሞ ጉልበት መጨረስ ነው፣ ሞክሬው አውቀዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ እስከ አሥር ሰዓት ዝግ ነን። ከተማው ሲነቃ እኛም እንከፍታለን።

አንድ የቀረ ነገር። «ኦሪጅናል ሞላችንን ሸጦ በልቶታል» የሚል ወሬ ሰምቻለሁ። አልሸጥኩም። የተቆረጠው ተቆርጧል፣ ሙሉውን ሞላ በሌላ የቀየርንላችሁ ግን የናንተው መደርደሪያው ላይ አለ፣ ታርጋችሁ በጠመኔ ተጽፎበታል። አራት የቪትዝ ሞላ ላይ ግን ጽሑፉ ጠፍቶ የማን እንደሆነ መለየት አልቻልንም። የኔ ነው የሚል ይምጣና ይውሰድ።

የጋራዡ ባለቤት
ሳቢያን፣ ድሬዳዋ