የድንጋይ ካባው ወደ ደጃችን እየመጣ ነው

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

የምኖረው ምሥራቅ ጎጃም ነው። ድንጋዩና ጠጠሩ ለመንገድ እንደሚያስፈልግ እናውቃለን። ልጆቻችንም ካባው ላይ ሥራ አግኝተዋል፤ ይዘጋ አላልንም። አሁን ግን ይሰፋል ተብሎ ችካሉ ጓሯችን ጥግ ተተክሏል። ድማሚት በፈነዳ ቁጥር ግድግዳችን ይሰነጠቃል። አቧራው ጤፉ ላይ ያርፋል፣ እንስራችን ውስጥ ይገባል። እናቴ ከሳሉ የተነሳ ሌሊቱን ተቀምጣ ነው የምታነጋው። እሷን ሳይ አንጀቴ ይላወሳል።

የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ሲወጣ የነዋሪው አስተያየት በጥናቱ እንዲካተት ደንግጓል። እኛ ግን ለስብሰባ የተጠራነው ችካሉ ከተተከለ በኋላ ነው። ጥናቱ በሚገባን ቋንቋ ይነበብልን። ፍንዳታው በስንት ሰዓት እንደሆነም አስቀድሞ ይነገረን፤ ሕፃናት ትምህርት ቤት የሚሄዱት በዚያው መንገድ ነው።

አንድ ነዋሪ፣ ከምሥራቅ ጎጃም