ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትር፦ መኪናዋ ከመሸጧ በፊት ባትሪዋን የሚያይልን ሰው እንፈልጋለን

ክቡር ሚኒስትር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምጽፍልዎት ከአዲስ አበባ ዳር፣ ከቱሉ ዲምቱ ነው፣ ከአደባባዩ አልፎ ወደ ውስጥ ሲገባ አስፋልቱ አልቆ ዋልካው ከሚጀምርበት ሰፈር። ሰባት ቤት ወተት አምራቾች ነን፣ እኔ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ወተቱን እየሰበሰብኩ ቃሊቲ ድረስ የማደርሰው ነኝ። ደብዳቤዬ ቢረዝምም እባክዎ እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

የካቲት 2017 ላይ የእቁብ ብር አጠራቅመን፣ አንዷ ጎረቤታችንም ጊደር ሸጣ ጨምራበት፣ አንዲት የኤሌትሪክ መኪና ገዛን። ባለ አራት ጎማ ሆና ከኋላ ክፍት መጫኛ ያላት፣ ጎማዋ ጥርሳም፣ ለጭቃና ለእርሻ መንገድ ተብላ የተሰራች ናት፣ ሰፈር ውስጥ በአጭሩ ኤሌትሪኳ ነው የምንላት። ለምን ኤሌትሪክ ቢሉኝ፣ የነዳጅ ሰልፍ አንገሽግሾን ነበር፣ መንግስትም ከ2016 ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክሎ ኤሌትሪኩን ግን ተገጣጥሞ ሲመጣ ቀረጡ 15 በመቶ፣ ተበታትኖ መጥቶ እዚህ ሲገጣጠም ደግሞ ዜሮ አድርጎት ነበር፣ እኛም መንገዱ ወደዚህ ነው ብለን አምነን ገባንበት። አሁንም አምናለሁ። መጀመሪያዎቹ ሶስት ወራት እኮ ሌላ ነበረች። ድምፅ ስለሌላት ላሞቹ አይደነግጡም፣ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ አገር የናፍጣ ሞተር አየሩ ሳስቶበት ዳገት ላይ ሲያቃስት እሷ ገና እግርህን ስታሳርፍ ሙሉ ጉልበቷን ትሰጥሃለች።

ከዛ ግንቦት ላይ መድከም ጀመረች። ማታ ሞልተናት 60 ኪሎ ሜትር ትሄድ የነበረችው 38 ላይ ቀይ ማሳየት ጀመረች፣ ሐምሌ ላይ 20 አልሞላም። የሸጠልን ሰው ጋ ስንደውል ክረምት ስለሆነ ነው፣ ብርዱ ሲያልፍ ይስተካከላል አለን፣ እኛም አመንነው።

ነሐሴ 15 ማለዳ ላይ የሆነውን ግን ልንገርዎት። በማግስቱ ፍልሰታ ይፈታል፣ በዓመት ውስጥ ወተት በጣም ከሚፈለግባቸው ቀኖች አንዱ ነው፣ ጾሙን ሙሉ ገበያ ቀዝቅዞብን ያችን ቀን ነበር የምንጠብቀው። አራት ባለ 40 ሊትር ካን ጭኜ ወጣሁ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ዋልካው ጎማው ላይ ተጋግሮ ጥርሱን ሁሉ ደፍኖታል፣ ትንሿን አቀበት ስጀምር ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማኝና ቀጥ አለች። መሪው ስር ያለችው ቀይ መብራት ብልጭ ብልጭ ማለት ጀመረች። ሶስት ጊዜ፣ ቆም፣ ሁለት ጊዜ። ደግሞ ሶስት፣ ቆም፣ ሁለት። ዝናብ ላይ ቆሜ ደጋግሜ ቆጠርኩት፣ ኮድ እንደሆነ ይገባኛል፣ መኪናዋ ምን እንዳመማት እየነገረችኝ ነው፣ ግን የኮዱ ትርጉም የተጻፈበት ወረቀት አልተሰጠንም። የተሰጠን መጽሐፍ በቻይንኛ ነው። ሻጩ ጋ ደወልኩ፣ አጥፍተህ አብራው አለኝ። አጥፍቼ አበራሁት። ሶስት፣ ቆም፣ ሁለት።

በስንት መከራ በጋሪ አዛውረን ቃሊቲ ስንደርስ ረፋዱ አልፎ ነበር። ተረካቢው ወተቱን በአልኮል ሲፈትሸው ረጋበት፣ ተበላሽቷል ማለት ነው፣ አንዱንም ካን አልወሰደም። 160 ሊትር። ጊደሯን የሸጠችው እናት ምንም አላለችኝም፣ ዝም ብላ ካኖቹን ታጥብ ጀመር። ያ ዝምታዋ ነው እስከዛሬ ውስጤ የቀረው።

መኪናዋን ጎትተን ግቢ አስገባንና ስልክና ስታብላይዘር የሚጠግን የሰፈር ልጅ ጠራን፣ ምክንያቱም የነዳጅ መኪና ሜካኒክ መቀመጫውን አንስቶ ሽቦውን ሲያይ እኔ ይሄን አልነካም ብሎ ሄደ፣ አልፈርድበትም። ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ አስደርጎ፣ ነቅሎ ትንሽ ካሳረፈ በኋላ ቮልት የሚለካበትን ቴስተር ይዞ መጣ። መቀመጫው ስር ስድስት ባለ 12 ቮልት ባትሪ ተከታትለው ታስረዋል፣ በድምሩ 72። አንድ በአንድ ለካ። 12.7፣ 12.6፣ 12.7። አራተኛው ላይ ሲደርስ የቴስተሩን ሹል በሸሚዙ ጠረገና እንደገና አስነካው። 10.5። አንድ ባትሪ ውስጥ እያንዳንዳቸው ሁለት ቮልት ምናምን የሚሰጡ ስድስት ክፍሎች አሉ፣ ከነሱ አንዱ ሞቷል ማለት ነው አለኝ። በተከታታይ ስለታሰሩ ደግሞ አንዱ ሲደክም መኪናዋ በሙሉ ትደክማለች፣ ከጥንዱ አንዱ በሬ ሲተኛ እርሻው እንደሚቆመው ማለት ነው። ያንን አንዱን ብቻ በአዲስ ብትቀይርም አዲሱ ከአሮጌዎቹ ጋር እኩል ስለማይሄድ ብዙ አይቆይም፣ ያለው መፍትሄ ስድስቱንም መቀየር ነው።

ከዛ ባትሪው ራስ ላይ የተመታውን ቁጥር አነበበው። እኛ ከመግዛታችን 14 ወር በፊት የተሰራ ነው። አዲስ ብለን የገዛነው መኪና ውስጥ!

ክቡር ሚኒስትር፣ የደብዳቤዬ ዋና ነገር ይሄ ነው። እንዲህ ያለው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ቆሞም ቢሆን በወር ከ3 እስከ 5 በመቶ ገደማ ራሱን ያፈሳል፣ ሙቀት ካለ ከዛም በላይ። በየጥቂት ወሩ ካልሞሉት ውስጡ ያለው እርሳስ ላይ ነጭ ጨው የመሰለ ነገር ይጋገርበታል፣ ሰልፌሽን ይሉታል፣ አንዴ ከጠነከረ በቻርጀር አይመለስም። መርከብ ላይ ሰንብቶ፣ ወደብ ቆይቶ፣ መጋዘን ተኝቶ፣ ከዛ ደግሞ ሻጩ ግቢ ፀሐይ ላይ ይውላል። የገዛን ቀን ትዝ ይለኛል፣ ስምንት መኪናዎች ተደርድረው አቧራ ለብሰው ነበር፣ አንዳቸውም ላይ የቻርጅ ገመድ አልተሰካም። ያኔ ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም ነበር። ባትሪው እኛ እጅ ሳይገባ ነው መሞት የጀመረው።

ሻጩ ግን ባትሪ ዋስትና የለውም፣ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ስለነዳችሁት ነው አለን። ለጭቃ ነው ብሎ የሸጠልን ራሱ ነው እኮ።

እውነቱን ለመናገር የኛም ጥፋት አለበት። ውሃ ሲጠፋ በርሜል ጭነንባት እናውቃለን፣ ቀይ ካሳየች በኋላም ትንሽ ትንሽ እያልን ነድተናታል፣ ይሄ ባትሪ ከግማሽ በታች በተደጋጋሚ ሲወርድ ዕድሜው እንደሚያጥር የነገረን ሰው አልነበረም። ላቫጆ ወስደንም በኃይለኛ ውሃ ከስሯ አሳጥበናታል፣ ልጁ ሲፈታት የሞተሩ ሶኬት ውስጥ አረንጓዴ ዝገት አገኘ፣ ከባትሪዎቹ አንዱ ጋ የላላ ቡሎን ኬብሉን አሙቆ ፕላስቲኩን አቅልጦታል። መብራት ሄዶ ሲመጣ የተቃጠለም ቻርጀር አለን። እነዚህ ሁሉ ግን በአንዲት ገጽ አማርኛና ኦሮምኛ ተጽፎ ቢሰጠን የማናደርጋቸው ወይም ቀድመን የምንጠነቀቃቸው ነበሩ።

ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ህዳሴ ሲመረቅ ሰፈራችን እንደ ሁሉም ሰው ነበር፣ ሰው ሬድዮ ከቦ እልል ሲል እኔም አለቀስኩ። 5,150 ሜጋ ዋት ሲባል የኔ ላሞች ወተት አንድ ቀን በዚህ ኃይል ሲጓጓዝ ነው የታየኝ። ኤሌትሪኳ ግን ያን ቀን መቀመጫዋ ተነስቶ ሸራ ለብሳ ግቢ ቆማ ነበር።

ስለዚህ የምለምንዎት እንደዚህ አይነት መኪና ታርጋ ከማግኘቱ በፊት አንድ ሰው ቴስተር ይዞ መቀመጫውን አንስቶ እያንዳንዱን ባትሪ ይለካልን፣ የተሰራበትን ጊዜ ወረቀት ላይ ይጻፍልን፣ ገዢም ያንን ወረቀት ሳያይ አይክፈል። አስር ደቂቃ አይፈጅም፣ ልጁ እኛ ግቢ ሲያደርገው አይቻለሁ። አስመጪውም መኪናዋን ብቻ ሳይሆን የቀይ መብራቷን ኮድ ትርጉም፣ መለዋወጫውንና የሚጠግናትን ሰው ይዞ ይምጣ፣ ይሄን ሳያሳይ አዲስ መኪና እንዲያስገባ አይፈቀድለት። ቴክኒክና ሙያ ላይ ያሉ ልጆችም ይሄን እንዲማሩ ከሚመለከተው ጋር ይነጋገሩልን። የኛ ሰፈር ልጅ እኮ ስልክ ጠጋኝ ነው፣ ኮንትሮለሩን፣ ማለትም ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረውን ሳጥን ግን ደፍሮ አይከፍተውም፣ ልክም ነው፣ 72 ቮልት ጨዋታ አይደለም፣ ኬብሎቹ በስህተት ከተነካኩ እሳት ይነሳል።

አራተኛውን ባትሪ አልጣልኩትም። የተለካበት ቁጥር በስክሪፕቶ ተጽፎበት ከሳር ቤቱ ስር አስቀምጬዋለሁ። ባለሙያ ቢልኩልን ከጠዋቱ ወተት በኋላ በማንኛውም ቀን ግቢው ክፍት ነው፣ መኪናዋንም ባትሪውንም እናሳያለን። እስከዛ ወተቱን በጋሪ እየወሰድኩ ነው፣ ለዛም ነው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የምነሳው።

ከአክብሮት ጋር
ከቱሉ ዲምቱ፣ ወተት አመላላሽ