የ9 ሴንቲሜትር ጎማ ኮብልስቶን ላይ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ ጎማ ትንሽ ልተንፍስ። አምና ቸርኬዬን በ18 ኢንች ቀይሬ 225/40 የስፖርት ጎማ አስገባሁ። እውነት ለመናገር ያምራል። ቀለበት መንገድ ላይ መሪው ቶሎ ይታዘዛል፣ ኩርባ ላይም መኪናው አይንገዳገድም። ጣጣው የሚጀምረው ወደ ሰፈር ሲታጠፍ ነው። 225 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ 40 ማለት ደግሞ የጎማው ጎን ቁመት የስፋቱ 40 በመቶ ነው ማለት ነው፤ 9 ሴንቲሜትር ብቻ፣ እና በቸርኬውና በጉድጓዱ መሃል ያለችው እሷው ናት። ክረምት ላይ ውሃ የሞላው ጉድጓድ ውስጥ ገባሁና የጎማው ጎን እንቁላል የሚያክል እብጠት አወጣ። ጎሚስታው በአውራ ጣቱ ጫን አደረገና «ይሄማ አይለጠፍም፣ ውስጡ ክሩ ተበጥሷል» አለኝ።

ሻጩ ያወራኝ ስለ ፍጥነቱ ነበር። ጎኑ ላይ ያለችው «ደብልዩ» በሰዓት እስከ 270 ኪሎ ሜትር ይችላል ማለት ናት። መገናኛ ላይ በ270 ማን ሊነዳ! የተመረተበትን ጊዜ ግን አላሳየኝም። እዚያው ጎኑ ላይ አራት ቁጥር አለ፤ የኔ 1416 ይላል፣ በፈረንጆቹ 2016፣ 14ኛው ሳምንት። እንደ አዲስ ነው የከፈልኩበት።

አሁን ወደ ድሮዬ 195/65 ተመልሻለሁ። ልጄ «መኪናችን ሽማግሌ መሰለ» ይለኛል። ይምሰል።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ