አውሮፓን ከዘመድ ሳሎን ለምናውቃት

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በጉዞ ገጻችሁ ላይ አውሮፓን ለመጎብኘት ለሚያስቡ ሰዎች የተሰጠውን ምክር በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ስለ ቪዛ፣ ስለ አየር ቲኬትና ስለ ሆቴል ዋጋ የጻፉት ሁሉ ይጠቅማል። በሁለት ነገር ላይ ግን አልተስማማሁም። አንደኛው ብቻን መጓዝ ለእኛ ሰው አይሆንም ያሉት ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ባቡር ጣቢያ የሚታለፍበት እንጂ የሚታይ ቦታ ስላልሆነ ጊዜ እንዳይጠፋበት ያሳሰቡት ነው። በእኔ አስተያየት ሁለቱም የሚመነጩት ከአንድ ልማድ ነው፤ ከባቡር በወረደ ቁጥር ዘመድ የሚቀበለው ሰው ጣቢያውን የሚያይበት ፋታ የለውምና።

የምኖረው ፍራንክፈርት አጠገብ ሲሆን የምሠራው በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። በኖርኩባቸው 11 ዓመታት ስቶክሆልም ለሠርግ፣ ብራስልስ ለልቅሶ፣ ጄኔቫ ለክርስትና፣ ሮም ደግሞ ለዚህም ለዚያም 4 ጊዜ ሄጃለሁ። ምን አየሽ ብባል ግን መልሴ ያሳፍራል፤ ያየሁት ሳሎን ነው። ሳሎኑም ከከተማ ከተማ እምብዛም አይለያይም፤ ግድግዳው ላይ የላሊበላ ሥዕል፣ ጥግ ላይ ረከቦት፣ ቴሌቪዥኑ ላይ የአገር ቤት ዜና። ተቀባዩ ጣቢያ ላይ ሻንጣዬን ከእጄ ነጥቆ መኪናው ውስጥ ይከታል፤ ከመኪናው በቀጥታ ወደ ማዕድ ነው። ይህን ፍቅር የማቃልል አይደለሁም፤ በስደት ያቆመን እሱ ነው። ነገር ግን እንዲህ የሄደ ሰው ዘመድ ጠየቅሁ ቢል እንጂ አገር አየሁ ቢል አያምርበትም።

ባለፈው መስከረም የ12 ቀን ፈቃድ ወስጄ ከፍራንክፈርት እስከ ሮም ብቻዬን በባቡር ሄድኩ። (ከዚህ በታች ያሉትን ቀናትና ዓመታት የምጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።) የገዛሁት ኢንተርሬይል የተባለውን ቲኬት ሲሆን፣ በ1972 ለወጣቶች ብቻ ተብሎ የተጀመረው ይህ ቲኬት ዛሬ ፓስፖርቱ የየትም አገር ይሁን፣ ዕድሜውም ስንትም ይሁን፣ አውሮፓ የሚኖር ሁሉ ሊገዛው ይችላል። ከአውሮፓ ውጭ ለሚኖር አንባቢ ዩሬይል የተባለው አቻው አለለት። የእኔው በ1 ወር ውስጥ የምመርጣቸውን 7 ቀናት የሚያስጉዝ ነበር፤ በአንዱ የጉዞ ቀን የፈለጉትን ያህል ባቡር መቀያየር ይቻላል። በሚኖሩበት አገር ውስጥ ግን ለመውጫና ለመመለሻ ብቻ እንደሚያገለግል፣ የጣሊያን ፈጣን ባቡሮችም በተጨማሪ የመቀመጫ ክፍያ እንደሚጠይቁ ሳያውቁ መነሣት ኪስን ይጎዳል።

በመጀመሪያው ቀን ማታ አክስቴ ከአዲስ አበባ ደወሉ። «ከማን ጋር ነሽ?» አሉኝ። ብቻዬን እንደሆንኩ ስነግራቸው ጥቂት ዝም አሉና፣ «ምነው ልጄ፣ ከሰው ተጣላሽ እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። ቀልድ አልነበረም፤ ከልባቸው ነው። በእኛ ዘንድ ብቻውን መንገድ የሚወጣ ሰው ወይ ሱባኤ ሊገባ ነው፣ ወይ ሸሽቶ ነው፤ ነጋዴው እንኳ በቅፍለት ነበር የሚሄደው። የጋዜጣችሁ ጸሐፊ ምክርም የአክስቴ ጥያቄ ጨዋ ልብስ ለብሶ የቀረበ ይመስለኛል።

የተሳፈርኩበት ባቡር ዘግይቶ ባዝል ላይ ቀጣዩ ስላመለጠኝ ዙሪክ የደረስኩት አመሻሽ ላይ ነው። የሚጠብቀኝ ስላልነበረ የሚጨነቅም የሚቆጣም አልነበረም፤ ጣቢያው ውስጥ ቆሜ ሰዓቱን አየሁ። በስዊዘርላንድ ጣቢያዎች ሁሉ የተሰቀለውን ይህን ሰዓት በ1944 የነደፈው ሃንስ ሂልፊከር የተባለ የባቡር መሐንዲስ ሲሆን፣ ጫፉ ላይ ክብ ያለው ቀዩ ሰከንድ ቆጣሪ በኋላ የተጨመረ ነው። ቀዩ ዙሩን በ58 ሰከንድ ተኩል ገደማ ይጨርስና 12 ቁጥር ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ምልክት ሲደርሰው ደቂቃ ቆጣሪው አንድ እርምጃ ይዘላል፣ ቀዩም እንደገና ይነሣል። ሕዝቡ በሥሩ እየሮጠ ሰዓቱ በየደቂቃው ቆም ብሎ ሲጠብቅ ማየት ደስ አለኝ፤ ስንት ዙር እንዳየሁ አላስታውስም። ዙሪክ ለእኛ በሌላም ነገር ትነሣለች። አባቶቻችን ሙሴ ኢልግ ይሉት የነበረው የአፄ ምኒልክ አማካሪ፣ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ፣ የጅቡቲን ሐዲድ ለመዘርጋት በ1894 ከንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ያገኘ ሰው ነው። በ1916 ያረፈው በዚችው ከተማ ሲሆን፣ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው፤ አንድ ዓመት ቀደመው።

ከዙሪክ ወደ ጣሊያን የሚያሻግሩት የጎትሃርድ ተራራ የባቡር መንገዶች ሁለት ናቸው። ፈጣኑ በ2016 የተከፈተው 57 ኪሎ ሜትር ዋሻ ነው፤ 20 ደቂቃ ያህል ጨለማ ውስጥ ቆይቶ ከተራራው ማዶ መውጣት ነው። አሮጌው ተራራውን በላዩ እየተጠማዘዘ ወጥቶ በ1882 በተከፈተው የ15 ኪሎ ሜትር ዋሻ የሚያልፈው ሲሆን፣ ዛሬም ዝግ ያሉ ባቡሮች ይሄዱበታል። እኔ አሮጌውን መረጥኩ። ከፊት ለፊቴ የተቀመጡት አንዲት የአገሩ አዛውንት ነበሩ። ቆሎዬን ከቦርሳዬ ሳወጣ አፌ ሳያስበው «እንብላ» አልኳቸው፣ ያውም በአማርኛ። ቃሉን ባያውቁትም የተዘረጋ እጅ አይጠፋምና ሦስት ፍሬ ቆጥረው አነሡ፤ ቆየት ብለው እንደገና ዘገኑ። ከዚያ በጀርመንኛ፣ «አሁን መስኮቱን ተመልከቺ፤ ቤተ ክርስቲያኗን ሦስት ጊዜ ታያታለሽ» አሉኝ። እውነት ነው። ቫሰን በምትባል መንደር ኮረብታ ላይ ያለችው ነጭ ቤተ ክርስቲያን መጀመሪያ አንጋጠን የምናያት ከበላያችን ነበረች፤ ባቡሩ ተራራው ውስጥ ገብቶ ዞሮ ሲወጣ ትክክላችን ሆነች፤ ሌላ ዙር ከወጣን በኋላ ከእግራችን ሥር ታየች። ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት መውጣት ስለማይችል መሐንዲሶቹ ሐዲዱን በተራራው ሆድ ውስጥ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት አዙረውታል። ዋሻውን ሲፈለፍሉ ወደ 200 የሚጠጉ ሠራተኞች አልቀዋል፤ በደቡብ በኩል አይሮሎ ላይ መታሰቢያ ተቀርጾላቸዋል። የባቡሩ ማስታወቂያም እዚያው ከጀርመንኛ ወደ ጣሊያንኛ ይለወጣል። በጓደኛ ታጅቤ ቢሆን ኖሮ ወሬ ይዘን ቤተ ክርስቲያኗ ሦስት ጊዜም ታልፈን ነበር።

ብቻን መጓዝ ሁሉ ማር ነው አልልም። በአንድ የድንበር ጣቢያ ፖሊሶች ወደ ሠረገላችን ገብተው ከ40 ያላነስን ተሳፋሪዎች እያለን መታወቂያ የጠየቁት ጠቆር ያልነውን ሦስታችንን ብቻ ነው። ከመካከላችን አንዱ፣ ዋናውን ፓስፖርት ቤቱ ትቶ ፎቶ ኮፒ የያዘ ወጣት፣ ከነሻንጣው ወረደ። ባቡሩ ተነሥቶ እየሄደ በመስኮት አየሁት፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካ ነበር። ከቡድን ጋር ብሄድ ይህ አይገጥመኝም ነበር ማለት ይቻላል፤ ደግሞም ላይቻል ይችላል። ቪዛ በጋራ ከሚጠቀሙት የሼንገን አገሮች በአንዱ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው በሌሎቹ የሼንገን አገሮች ከ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን መዘዋወር የሚችለው ፈቃዱንና የጸና ፓስፖርቱን አንድ ላይ ሲይዝ ነው፤ ፎቶ ኮፒ አይሆንም። ጸሐፊው ይህን ቢጨምሩልን መልካም ነበር።

ሚላኖ አንድ ሌሊት አድሬ ፖርታ ቬኔሲያ በሚባለው የሐበሻ ሰፈር ሽሮ በላሁ፤ ከዚያ በላይ የምናገረው የለኝም። ቦሎኛ ግን ያዘችኝ። ከጣቢያው ስወጣ በውጭ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓት 10:25 ይላል፤ የእጄ ሰዓት ግን ከቀኑ 9 ተኩል ነበር። የተበላሸ ሰዓት ያላስጠገኑ መስሎኝ በልቤ ተሳለቅሁ። ወደ ተጠባባቂዎች ክፍል ስመለስ ግድግዳው እንደተሰነጠቀ ተትቶ በመስታወት ተሸፍኗል፤ ከጎኑ ረጅም የስም ዝርዝር አለ። ነሐሴ 2 ቀን 1980 ጧት በዚህ ክፍል ውስጥ የፈነዳ ቦምብ 85 ሰው ገድሏል፤ ሰዓቱም በዚያች ደቂቃ እንዲቆም ተደርጓል። በእኛ አቆጣጠር ከረፋዱ 4 ሰዓት ከ25 መሆኑ ነው። የበጋ ዕረፍት የሚወጡ ቤተሰቦች ነበሩ፤ ከስሞቹ ጎን የተጻፈውን ዕድሜ ሳነብ የ3 ዓመት ሕፃን አገኘሁ። ባቡሬ 2 ሰዓት ያህል ይቀረው ነበርና እዚያው ክፍል ውስጥ ከሌሎቹ ተጠባባቂዎች ጋር ተቀመጥኩ።

ሮም ላይ፣ እንደተናገርኩት፣ 4 ጊዜ ተርሚኒ ጣቢያ ወርጃለሁ። በ5ኛው የሚቀበለኝ ስላልነበረ አደባባዩ ላይ ቆሜ የስሙን ሰሌዳ አነበብኩ፤ ፒያሳ ዴይ ቺንኵዌቼንቶ ይላል፣ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ። እነማን ናቸው እነዚህ አምስት መቶ ብዬ ስጠይቅ የተገኙት ከእኛው ታሪክ ነው፤ በጥር 1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር እጅ የወደቁት የጣሊያን ወታደሮች። ከጣቢያው በእግር ጥቂት ደቂቃ ርቆ በአንድ መናፈሻ ውስጥ መታሰቢያቸው ቆሟል፤ ከግብፅ የመጣ ሐውልት ሲሆን ከሥሩ የሟቾቹ ስም ተጽፏል። የለገሃሩ የይሁዳ አንበሳ በወረራው ዘመን ተነቅሎ ከመጣ በኋላ የቆመው በዚህ ሐውልት ሥር ነበር። ዘርዓይ ደረስ በ1938 ተንበርክኮ የጸለየውና ሊያነሡት በመጡት ላይ ጎራዴውን የመዘዘው እዚሁ ነው። አንበሳው በ1960ዎቹ ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ ዛሬም ለገሃር ፊት ቆሟል። ኢልግ ፈቃዱን ካገኘለት ሐዲድ መጨረሻ ተወስዶ ሮም ጣቢያ ደጃፍ ላይ ተተከለ ማለት ነው፤ ከባቡር ጣቢያ ወደ ባቡር ጣቢያ። የአክሱም ሐውልት ቆሞበት የነበረውን ቦታ ለማየት ብዙ ወገን ይሄዳል። ይህን መናፈሻ ግን ከጣቢያው ደጃፍ እያለ የጠቆመኝ አንድም ሰው አልነበረም።

ለአጎቴ ልጅ ሳልደውል ሁለት ቀን ሆቴል አድሬ ነበርና በመጨረሻው ቀን ሰምቶ ተቆጣ። «ሮም ገብተሽ ሆቴል ታድሪያለሽ? የማን ልጅ ነሽ?» አለኝ። ይቅርታ ጠይቄ፣ አንድ ነገር ላሳይህ ብዬ ወደ መናፈሻው ወሰድኩት። ሮም ሲኖር 19 ዓመቱ ነው። መነጽሩን አውጥቶ ስሞቹን ከላይ ጀምሮ አነበበ፤ ከዚያ ወደ አደባባዩ ዞር ብሎ፣ «አውቶቡስ የምጠብቀው እኮ እዚያ ጋ ነው፣ በየቀኑ» አለ። ባቡሬ እስኪነሣ ጊዜ ነበረንና ራት ቤቱ ሳንሄድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ፓኒኖ በላን።

የጉዞ ገጻችሁ ወደ ሮም ሲመለስ፣ ለአንባቢ ስለ ሆቴልና ስለ ፒዛ ከመንገሩ በፊት፣ የዚህን አደባባይ ስም ትርጉም በአንድ መስመር እንዲያትምልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት አንባቢያችሁ፣ ከጀርመን