ቀይ ካርድ ማየት ማጭበርበር አይደለም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ስፔናዊቷ የእርምጃ ሻምፒዮን ስለ ማሪያ ፔሬዝ ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ፣ ቀጥሎ ደሜ ፈልቶ። መሀል ላይ እ.ኤ.አ. በ2022 «በማጭበርበር» ከውድድር ተባረረች የምትል አንዲት መስመር አለች። ከዚያች መስመር ማለፍ አቃተኝ።

ማጭበርበር ማለት አበረታች መድኃኒት መውሰድ ነው። መንገድ አቋርጦ መግባት ነው። ማሪያ ግን በዚያ ዓመት በዩጂኑ የዓለም ሻምፒዮናም፣ በሙኒኩ የአውሮፓ ሻምፒዮናም የወጣችው በቀይ ካርድ ነው። በእርምጃ ቀይ ካርድ ማለት አንድ ዳኛ ሕግ ተጣሰ ሲል የሚመዘግበው ነው፤ አንዱ ብቻውን አያስወጣም፣ ከተለያዩ ዳኞች ሲደራረብ ነው የሚያስወጣው። የእርምጃ ሕግ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ሁለቱም እግር ባንዴ ከመሬት ተነስቶ በዳኛ ዓይን መታየት የለበትም። የቀደመው እግር ደግሞ መሬት ከነካ ጀምሮ ሰውነት በላዩ ቀጥ እስኪል ድረስ ጉልበቱ መታጠፍ የለበትም። ይህን ዳኛው በባዶ ዓይኑ ነው የሚያየው፣ ቪዲዮ የለም። 15 ኪሎ ሜትር ካለፈ በኋላ ጉልበት እኮ ሳያስፈቅድሽ ይታጠፋል! ኦፍሳይድ የገባን አጥቂ አጭበርባሪ ብላችሁ ጽፋችሁ ታውቃላችሁ? ለእግር ኳስ ስትጽፉ ቃል ትመርጣላችሁ፤ እኛ የእርምጃ ስፖርተኞች ጋ ስትደርሱ የመጣላችሁን ትጽፋላችሁ።

አውስትራሊያዊቷ የእርምጃ ተወዳዳሪ ጄን ሳቪል እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ፣ በአገሯ ኦሊምፒክ፣ እየመራች ስታዲየም ልትገባ ስትል ነው ቀይ የወጣባት። እያለቀሰች ወጣች። ከአራት ዓመት በኋላ አቴንስ ላይ ነሐስ ወሰደች። ማሪያ ፔሬዝም በ2023 ቡዳፔስት በዓለም ሻምፒዮና ላይ በ20ም በ35ም ኪሎ ሜትር ወርቅ ወሰደች፣ በአራት ቀን ልዩነት። በ2025 ቶኪዮ ላይ ሁለቱንም ደገመችው። እርምጃዋን አስተካክላ የመጣች ሴት ናት። የዘገባችሁ ዋና ወሬ መሆን የነበረበት ይኼ ነበር።

ለምን እንዲህ እንዳንገበገበኝ ልንገራችሁ። እኔ ሱሉልታ ነው ያደግኩት፣ ስድስት ዓመት እርምጃ ተወዳድሬያለሁ። ሯጮቹ ሜዳው አላቸው፣ ጫካው አላቸው። እርምጃ ግን ሣር ላይ አይሠራም፣ ደልዳላ አስፋልት ይፈልጋል። ስለዚህ በጭጋግ፣ ገና ሳይነጋ፣ በጫንጮ መንገድ ዳር ከሲኖትራክ ጋር እየተጋፋን ነበር የምንሠራው። የባጃጅ ልጆች ፍጥነት ቀንሰው ዳሌያችንን እያዩ የሚሉትን እዚህ አልጽፈውም። እናቴ ሰው ምን ይላል ብላ ነጠላ ከላይ ደርቢ ትለኝ ነበር፤ በነጠላ 20 ኪሎ ሜትር! አንድ ውድድር ላይ በቀይ ካርድ ወጣሁ። በማግስቱ አንድ ሬዲዮ ሮጣ ተባረረች አለ። ሰፈሩ በሙሉ ሰማ። ሌባ የተያዘ ይመስል ያዩኝ ነበር። ስሜ በሬዲዮ የተጠራው ያኔ ብቻ ነው። ሜዳሊያ ያመጣሁ ጊዜ የወንዶቹን ውጤት አንብበው ወደ ሩጫው አለፉ።

ዘገባችሁ መጨረሻ ላይ ደግሞ ስፖርቱ በአገራችን አይታወቅም ይላል። ማነው የማያውቀው? የኋልዬ በለጠው በቶኪዮ ኦሊምፒክ በ20 ኪሎ ሜትር እርምጃ ኢትዮጵያን ወክላለች። ከእሷ በፊትም ብዙ ሴቶች ለፍተዋል። የማይታወቀው ስላልጻፋችሁት ነው።

አሁን ጠዋት ጠዋት አምስት ልጆች አሠለጥናለሁ። ዘገባውን ያሳየችኝ አንዷ ናት፣ 17 ዓመቷ ነው። ባለፈው ውድድር ሁለት ቀይ ነበረባት፣ ከመባረር ለጥቂት ነው የተረፈችው። ስልኳን ሰጠችኝና «እትዬ፣ እኔም አጭበርባሪ ነኝ ማለት ነው?» አለችኝ። አይደለሽም አልኳት። የእኔ ቃል ግን ጋዜጣ ላይ ከወጣው ጋር እኩል አልሆነላትም፣ ፊቷ ላይ አየሁት።

ስለዚህ ያቺን መስመር አርሙልኝ። ጥግ ላይ በትንሽ ፊደል ሳይሆን ዘገባው በወጣበት ቦታ ይሁን። ልጅቷ በየቀኑ እየከፈተች ታያለች።

የቀድሞ የእርምጃ ስፖርተኛ፣ ከሱሉልታ